በቁማቸው የተነፋላቸው ጥሩምባ

ከጎጃም በረንዳ ወደ መሳለሚያ በሚያወጣው መንገድ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ፣ ዛሬ በኮንክሪት የተከደነ ቦይ አለ። በዚያን ጊዜ አፉ ክፍት ነበር። ከተራራው ሥር የሚነሣውን ውሃ ተቀብሎ፣ የገበያውን ጥራጊ እየጨመረበት ወደ ታች ይወርዳል። በበጋ ሕፃን ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ነበር። በዳሩ ከተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች የመጨረሻዋና ከሁሉም ዝቅ ብላ የተሠራችው ክፍል፣ ከወገባቸው በታች የማይንቀሳቀሱ የአንዲት አሮጊት መኖሪያ ነበረች። የምጽፈው እኚህ ሴት ከዚያች ክፍል በሕይወት ይወጡ ይሆን ብለን ስለተጨነቅንበት ክረምት ነው።

በዚያ ዘመን የዝናብና የሙቀት መጠን በሚለካበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበርሁ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ በትክክል እሠራውም ነበር። በመርካቶ ጫፍ ያለችው የካቶሊክ ቁምስናችን ምእመናኗ ጥቂቶች፣ ጎረቤቶቿ ግን ብዙዎች ናቸው። በማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴዋ ያስገቡኝ የቁምስናዋ አስተዳዳሪ ካህን፣ ቆሞሱ ራሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአንድ ጉባኤ ይዘውት የመጡትን «የአየር ንብረት ፍትሕ» የሚል ቃል ሲያብራሩልን፣ ቃሉ ለጆሮዬ አልጣመኝም።

«አባ፣ ዝናብን ማን ይከሳል?» አልሁ።

«ዝናቡንማ የሚከስ የለም» አሉ፤ የሚናደዱ ሰው አልነበሩም። «ግን ጠባዩ ተለውጧል ብለህ የነገርኸኝ አንተ ነህ። ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሲመጣ የወሩን በአንድ ከሰዓት ያራግፈዋል ብለሃል። ጠባዩን የለወጡት መኪናና ፋብሪካ ያላቸው ናቸው። ውሃው ግን አስቀድሞ የሚገባው ማን ቤት ነው?»

የማን ቤት እንደሆነ አውቅ ነበር። የኮሚቴው ሁለት ሴቶች በየሳምንቱ እየሄዱ የሚያጥቧቸውን የቦዩን ዳር አሮጊት፣ እማማን አሰብሁ።

«እማማ ቤት» አልሁ።

«እንግዲያው ከቅዳሜ ጀምሮ አንተም ከሴቶቹ ጋር ሂድ» አሉና ልብሰ ተክህኖአቸውን ሊያወልቁ ገቡ።

ሄድሁ። ሴቶቹ እማማን ሲያጥቡ እኔ ከቦኖ ውሃ አመላልሳለሁ፤ ፍራሹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። እማማ በወጣትነታቸው ከጎጃም ማርና ቅቤ ከጫነ መኪና ላይ ወርደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅመም ሲሸጡ የኖሩ ሴት ነበሩ። እግራቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ የቀራቸው ምላሳቸውና ቤታቸው ነው፤ ሁለቱንም አጥብቀው ይጠብቁ ነበር።

«መጣህ የመንግሥት ሰው?» ይሉኛል። «ዛሬስ ዝናቡን ስንት ስፍር ሰፈርኸው?»

ክረምቱ ሳይገባ በቁምስናው ግቢ ክፍል አዘጋጅተን ለመንናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ዘግቼ ልውጣና ቀበሌ ለሌላ ይስጠው? ጎረቤቴ ልጇን ልታርስ አገር ቤት ሄዳ ስትመለስ፣ በሯ ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘችው። አልወጣም።»

«እማማ፣ ውሃ ቢገባብዎትስ?»

«እናንተ ካቶሊኮች ደግሞ ዝናብ ሳይመጣ ትበሰብሳላችሁ።»

ስለ ቤቱ የሚሉት ሐሰት አልነበረም። በዚያ ዘመን የቀበሌ ቤት ሰው ከሌለበት ባለቤት እንደሌለው ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የቀረን ነገር፣ ውሃው ከመድረሱ በፊት አውቀን በሰው ኃይል ማውጣት ነው። ከላይ በተራራው ሥር ባለው መለኪያ ጣቢያ የሚሠራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ከባድ ዝናብ ሲያይ በቁምስናው ስልክ ሊነግረኝ ቃል ገባ። ሰፈሩን ግን በምን እንቀስቅሰው? በዚህ ጉዳይ ላይ ከሰፈሩ እድር ዳኛ ጋር በቁምስናው አዳራሽ ተቀመጥን። ዳኛው በሶማሌ ተራ የታወቁ የጅምላ ነጋዴ ሐጂ ናቸው። እድሩ ሙስሊሙንም፣ ኦርቶዶክሱንም፣ እኛንም በአንድ ድንኳን የሚያስተዳድር ነበር።

«የቤተ ክርስቲያናችን ደወል አለ» አሉ ቆሞሱ።

«አባ፣ ደወልዎን ሲሰማ ተነሥቶ የሚሮጥ ቢኖር ኖሮ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያንዎ በሞላ ነበር» አሉ ሐጂ። ከሁሉም ይልቅ የሳቁት ቆሞሱ ነበሩ።

«የመኪና ክላክስስ?» አለች አንዷ ሴት።

«መርካቶ ውስጥ ክላክስ ሰምቶ የዞረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፊሽካ የሚል ሐሳብም ተነሣ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊሽካማ ከተነፋ የጉልት ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን በጆንያ ጠቅልሎ ይበራል። ያውም ወደ ታች ወደ ቦዩ ነው የሚሮጠው፤ ደንብ አስከባሪ የሚመጣው ከላይ ነዋ።»

በመጨረሻ የእድሩ ጥሩምባ ይሁን ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ ሃይማኖት ሳይለይ የሚሰማው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር። ከሞት ጥሪ እንዲለይ ሦስት ጊዜ በአጭር በአጭሩ ይነፋ የሚለው ሐሳብ የእኔ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ሐሳብ ነበር እላለሁ። አሻፈረኝ ያሉት ጥሩምባ ነፊው ነበሩ። በመጋዘኑ ጥላ ሥር ጆንያ እየሰፉ የሚውሉ፣ ጥሩምባቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከጎናቸው የማይለዩ ሽማግሌ ናቸው።

«ይሄ የሚነፋው ላረፈ ሰው ነው» አሉ። «በሕይወት ባለ ሰው ላይ ጥሩምባ አልነፋም። ሞትን በስሙ መጥራት ነው።»

«ጋሼ፣ ሞት ሳይጠራም ይመጣል» አሏቸው ሐጂ። «እኛ ቀድመን እንድንደርስ ነው።»

ብዙ ከተለመኑ በኋላ እሺ አሉ። ምልክቱ በእድሩ ስብሰባ ተነገረ፤ በቁምስናችንም ከቅዳሴ በኋላ ታወጀ። ቦዩንም ከእድርተኞቹ ጋር ወርደን ጠረግን። በፌስታልና በበሰበሰ ጆንያ የተሞላ ሆድ ነበር። የወጣው ቆሻሻ ከቦዩ ዳር እንደ ግንብ ቆመ፤ መኪና መጥቶ እስኪያነሣው ግማሹ ተመልሶ ገባ።

በፍልሰታ ጾም ውስጥ ባለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መርካቶ ላይ ፀሐይ ነበረች። በቁምስናው ግቢ የተከልኋትን የዝናብ መለኪያ አየሁ፤ ደረቅ ነበረች። ስልኩ የጮኸው በዚያው ቅጽበት ነው። ባልደረባዬ ነበር።

«አንተ ነህ? ስማኝ፣ መለኪያው ሞልቶ ፈሰሰ።»

«ምን አልህ?»

«ሞልቶ ፈሰሰ እልሃለሁ! መንገዱ ወንዝ ሆኗል፣ ወደ እናንተ ነው...» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

መለኪያው ሞልቶ ፈሰሰ የሚል ቃል በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ለቆሞሱ ነግሬ ሮጥሁ። ጥሩምባ ነፊው ጆንያቸውን ጥለው፣ ጥሩምባቸውን ይዘው ተነሡ። አስቀድሞ መውጣት ያለባቸው እማማ ስለሆኑ በቀጥታ ወደ እሳቸው በር ወረድን። ጥሩምባ ነፊው በሩ ላይ ቆመው ነፉ፤ አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ማንም አልወጣም። ደገሙት። ከፎቅ መስኮት አንዲት ሴት አየችንና መስኮቷን ዘጋች። ከቦዩ ላይኛ ጫፍ፣ ጠጠር የጫነ መኪና ሲያራግፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ፍርሃት ያዛቸው። ሰው እንዲሰማቸው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ሠሩ፤ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ረዥሙን ነፉና «እድርተኞች!» ብለው ጮኹ።

ለዚህ ሰፈሩ ወዲያው መለሰ። ሱቆች እስከ ግማሽ ተዘጉ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየበሩ ወጡ። ኩሊዎች ሸክማቸውን ከግድግዳ አስጠግተው መጡ። እኛ ወደ ላይ እንዲሸሽ የፈለግነው ሕዝብ ሁሉ ወደ ታች ይጎርፍ ጀመር።

«ማን ነው? ማን አረፈ?»

ጥሩምባ ነፊው የቆሙት በእማማ በር ነው። ከዚያ በላይ መጠየቅ ማንንም አላስፈለገውም።

«እማማ! እኔን! ትናንት ሰላም ብያቸው!» አንዲት ሴት ደረቷን መታች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

«ጎርፍ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «ማንም አልሞተም! ወደ ላይ ውጡ!»

አንድ ጎልማሳ ክንዴን በርኅራኄ ያዘኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አልቅስ፣ ይወጣልሃል» አለኝ። በሐዘን የተወሰድሁ መስሎት ነበር።

ጠባቧ መተላለፊያ ከዳር እስከ ዳር ሞላች። ውሃው መጣ። መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ነጠላ ጫማና ፌስታል በላዩ የሚያዞር ቡናማ ውሃ። ከቦዩ አፍ ወጥቶ የእማማን ደፍ አለፈ። እየተጋፋሁ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፏል፤ የጓሮው ግድግዳ ከሥሩ እየተበላ ጭቃው ቁራሽ ቁራሽ እያለ ይወድቅ ነበር። እማማ አልጋቸው ላይ በክርናቸው ተደግፈዋል።

«ይሄ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው? ማን ነው የሞተው?»

ከኋላዬ ቃሬዛ ይዘው የገቡት ኩሊዎች ባሉበት ደረቁ። አንዱ አማተበ፣ ሌላው «ቢስሚላህ» አለ። በሩ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ውስጥ ይገፋል። እማማን ብናነሣቸውስ በየት ልናሳልፋቸው? ግድግዳው ከኋላ፣ ሕዝቡ ከፊት ነበር።

ሐጂ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ከሱቃቸው ሲሮጡ ኮፍያቸው ወድቆ ነበር። ደፉ ላይ ቆመው ውሃውን፣ እማማን፣ ሕዝቡን በአንድ እይታ አዩ። ጎርፍ መጣ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ወደ ሕዝቡ ዞረው በለቅሶ ቤት ትእዛዝ የሚሰጡበትን ድምፅ አሰሙ።

«እድርተኞች! ሬሳ ሊወጣ ነው! መንገድ ልቀቁ! ወደ ላይ፣ ወደ መጋዘኑ ሜዳ!»

ለእኔ ጩኸት ያልተንቀሳቀሰው ሕዝብ ለእድሩ ዳኛ መንገድ ከፈተ። ወንዶች ከግድግዳ ተጣበቁ፣ ሴቶች ወደ ኋላ ተመለሱ።

«የምን ሬሳ? ማን ሬሳ ነው?» እማማ ጮኹ። «ቃሬዛውን ከፊቴ አንሡ! ቤቴን ጥዬ አልወጣም!»

ሐጂ ውሃው ውስጥ በርከክ አሉ። «እማማ፣ ጥሩምባው ተነፍቷል። ከአሁን ጀምሮ ይሄ ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ቁልፍ የሚቀይር ቀበሌ አላየሁም። እድሩ ይጠብቀዋል።»

«ወላሂ በሉ።»

«ወላሂ።»

 ግድግዳው አንድ ትልቅ ቁራሽ ጣለ፤ የቦዩ ብርሃን ከኋላቸው ገባ።

«በቃሬዛ ግን አልወጣም» አሉ።

ከኩሊዎቹ አንዱ፣ ትከሻው ሰፊ የወላይታ ጎልማሳ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ አለ። «ይታዘሉ እማማ። ከሲሚንቶ አይከብዱም።» በጋቢያቸው እንደ ሕፃን አሰርንለት። እሱ ከፊት፣ ሐጂ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ወጣን። ሬሳ ሲያልፍ የሚቀር ሰው የለምና ሕዝቡ በሙሉ ተከተለን። በቦዩ ዳር ካሉት ቤቶች አንድም ሰው አልቀረም። ሴቶቹ እያለቀሱ፣ እማማ ከኩሊው ጀርባ ላይ ዞረው «ዝም በይ አንቺ፣ የወሰድሽብኝን ምጣድ መልሽ!» እያሉ፣ መጋዘኑ ሜዳ ላይ ደረስን። በዚያው ቅጽበት ከኋላችን ግድግዳው ሲወድቅ ሰማን። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ እርጥብ ጆንያ ሲወድቅ የሚሰማውን ያህል ነው።

ሕዝቡ ምን እንደተደረገ የገባው ያኔ ነው። የተናደደም፣ የሳቀም፣ አሁን የምሩን ያለቀሰም ነበር። ጥሩምባ ነፊው ከመጋዘኑ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ጥሩምባቸውን በጨርቁ ደጋግመው እየጠቀለሉ «በሕይወት ባለ ሰው ላይ ነፋሁ» ይሉ ነበር። ቆሞሱ አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ፤ የተናገሩትን አልሰማሁም።

እኔን ግን አዲስ ጭንቀት ይዞኝ ነበር። የመንግሥትን አሠራር አውቃለሁና፣ ግድግዳው የወደቀ የቀበሌ ቤት ለኑሮ አያገለግልም ተብሎ በአንድ ቀን ሊሠረዝ እንደሚችል አውቅ ነበር። እማማ በሕይወት ወጥተዋል፤ ቤታቸው ግን ሦስት ግድግዳና ጭቃ ነው። ሐጂ ወላሂ ብለዋል።

በማግሥቱ ውሃው ሲጎድል እድሩ ድንኳኑን በእማማ በር ላይ ተከለ። ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሰው በተራ እየመጣ እንደ ለቅሶ ቤት ይቀመጣል። እማማን ከቁምስናው ክፍል በወንበር አምጥተን በመካከል አስቀመጥናቸው። የቀበሌው ሠራተኛ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ወጣት ነው፤ ካፖርቱ ንጹሕ ነበር። ወደ ድንኳኑ ሲገባ እንደ ልማዱ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እግዜር ያጥናችሁ። ማን ነው ያረፈው?»

«ገና አልወሰንንም» አሉ ሐጂ። «ንፍሮ ያዝ።»

ሠራተኛው የዘረጋውን እጅ ሊሰበስብ አልቻለም፤ ንፍሮው እጁ ውስጥ ነበር።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ እማማ። «ተቀመጥ። ስለ ደረስህልኝ ፈጣሪ ይስጥህ።»

ማንም አልሳቀም፤ ቢሳቅ ኖሮ ነገሩ ይበላሽ ነበር። ወጣቱ ተቀመጠ። የወደቀውን ግድግዳ አየ፣ ቆሞሱን አየ፣ ሐጂን አየ። ንፍሮውን አንድ አንድ እያደረገ ጨረሰ።

«እስከ ሠልስት ድንኳን አይነካም» አለ ሲነሣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «ከሠልስት በኋላ ግን መጥቼ አያለሁ። ግድግዳ የሌለው ቤት፣ ቤት አይደለም።»

ሲወጣ ሐጂ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ግንበኛ ሆነ። ከመጋዘኖቹ ጭድ መጣ፤ አጣና ያዋጣም ነበር። ቆሞሱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃ ሲረግጡ፣ የሐጂ የሱቅ ሠራተኞች «አባ፣ ይሄ ከቅዳሴ አይቀልም» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም «ቅዳሴው ላይ ዲያቆን አለኝ» ይላሉ። የእኔ ድርሻ ወለሉ ነበር። የጎርፉን ምልክት ከቀረው ግድግዳ ላይ ለክቼ፣ ደፉ ከዚያ አንድ ክንድ ከፍ እንዲል በድንጋይ ካልተሞላ ጭቃ እንዳይለጠፍ አልሁ። ጊዜ የለም ብለው ተቆጡኝ። አልተበገርሁም። ይህ ዝናብ የመጨረሻው እንደማይሆን ከእነሱ ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርሁ።

ድንኳኑ የሚነሣበት ቀን ጠዋት ወጣቱ ተመለሰ። ግድግዳው ቆሟል፤ ግን እርጥብ ነው፤ ከታች በኩል ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። በጣቱ ነካው፤ ጣቱ ገባ።

«አልደረቀም» አለ።

ሐጂ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኋቸው። ሁለታችንም በምናውቀው የቢሮ ቋንቋ ጠየቅሁት። «መመሪያው የሚለው ደረቅ ግድግዳ ነው ወይስ ግድግዳ?»

ጣቱን በመሐረብ ሲጠርግ ረዥም ጊዜ ወሰደበት። እማማ ከወንበራቸው ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩት ነበር።

«ግድግዳ ነው የሚለው» አለ። ከዚያም የቆመበትን ደፍ ተመልክቶ፣ «ከፍ አድርጋችሁታል» አለና ሄደ።

ያው ኩሊ እማማን አዝሎ አስገባቸው። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «አሁን ይሄን ደረጃ ወጥታ የትኛዋ እኩያዬ ልትጠይቀኝ ነው?» የሚል ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ውሃው እንደገና መጣ፤ ከደፉ ሥር ቆሞ ተመለሰ። ሰፈሩም ሦስቱን አጭር በሚገባ ስለተማረ፣ ጥሩምባ ነፊው ሲነፉ ሁሉም ፍራሹን ተሸክሞ ወደ መጋዘኑ ሜዳ ወጣ። ከእማማ በስተቀር፤ እሳቸው ከአልጋቸው ላይ ሆነው የሚሸሸውን በየስሙ ይሰድቡ ነበር።

ያረፉት በበጋ ነው፤ ቦዩ ደርቆ አቧራው በሚነሣበት ወር፣ በገዛ ቤታቸው። ጥሩምባ ነፊው ለእሳቸው ሁለተኛ ጊዜ ለመንፋት በማለዳ ወጡ። ረዥሙን ነበር የነፉት፤ አልተሳሳቱም። ነገር ግን በዚያ ጠዋት ከየሱቁ ደጃፍ የወጣው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ነጠላውን ያዘቀዘቀው ከዚያ በኋላ ነው።